ማን ጎንበስ ይበል?

ቆርቆሮው ከጠረጴዛው ጠርዝ ተንሸራቶ ወደቀና ምስር የሚያካክሉት የአየር ጠመንጃ ጥይቶች ወለሉ ላይ ተበተኑ። የኮሌጁ ተኳሾች ሁሉ ዞረው አዩ። የጣለችው ልጅ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

አሰልጣኙ "ምሰሶ" ይላታል፤ ጠመንጃ ይዛ ስትቆም ንቅንቅ አትልም። ምሰሶዋ ግን ውስጥ ውስጡን መሰንጠቅ ከጀመረች ሰነባብታለች። ተኳሽ ቆሞ ሲያነጣጥር ዳሌውን ወደ ፊት ገፍቶ፣ ክርኑን እሱ ላይ አስደግፎ፣ ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ የጠመንጃውን ክብደት የሚሸከመው ያው ምስኪን ወገብ ነው። ልጅቷ አሁን አሁን ካልሲ የምታጠልቀው አልጋ ላይ ተጋድማ ሆኗል። ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ከነገ ወዲያ የቡድን ምርጫ አለ፤ ያልተመረጠ ነፃ ትምህርቱ ይቀርበታል፣ ነፃ ትምህርት ከሌለ ደግሞ ጓዝን ጠቅልሎ ወደ ቤት ነው። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው ብላ ያንን እንደ ካርቶን የደረቀ፣ ወገቧን ደግፎ የሚይዝላትን የተኩስ ጃኬቷን ጠበቅ አድርጋ ትቆልፋለች።

"ምን ትገተሪያለሽ? ልቀሚው እንጂ!" አለ አሰልጣኙ።

"እሺ ጋሼ፣ አሁን..." አለችና አጠገቧ የቆመውን ረጅም ልጅ፣ ሁሉም "ቀጭኔ" የሚሉትን፣ በልመና ዓይን አየችው። "በናትህ ወንድሜ፣ አንተ ልቀምልኝ።"

"እኔ? ይሄ ጫማ ለመጎንበስ አይመችም።"

ከእሱ ቀጥሎ ያለችው ልጅ ጠመንጃዋን መወልወል ጀመረች። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። የሚጎነብስ ጠፋ።

"ጉድ እኮ ነው! ሁላችሁም ልዑል ሆናችሁ?" አሰልጣኙ እየተነጫነጨ መጣና ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

"ጋሼ? ወገብዎን ነው?"

"ዝም በይ! ወይኔ ወገቤን!"

መጀመሪያ የሳቀው ቀጭኔ ነው። ሲስቅ እሱም ወገቡን ያዝ አድርጎ "ውይ!" አለ። ያን ጊዜ ለሁሉም ገባቸው።

"አንተም?" አለችው ልጅቷ።

"አምና ነው የጀመረኝ። አንቺስ?"

"እኔማ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ አቅቶኛል!"

ሁሉም ወገብ ወገባቸውን ይዘው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አሰልጣኙን ደግፈው ወንበር ላይ ሲያስቀምጡት እሱም እያቃሰተ ሳቀ።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እኛ ደግሞ ተሰልፈን ነው የደበቅነው! ተነሱ፣ ወደ ክሊኒክ። አመመኝ ያለን ከምርጫ የሚያስወጣ የለም።"

የኮሌጁ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ልጅቷን አስተኝታ ወገቧን ተጫን ተጫን አደረገች፤ እግሮቿን በየተራ አነሳች።

"መተኮስ አቁሚ ልትይኝ ነው አይደል?" አለች ልጅቷ።

"ማን አለሽ? አጥንትሽም ነርቭሽም ደህና ነው። የዛለ ጡንቻ ነው። የሆድና የወገብ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ አሳይሻለሁ። ስትተኩሺ ደግሞ ሕመሙ ሳይጠናብሽ ጠመንጃውን አስቀምጠሽ ቁጭ በይ።"

"በምርጫው መሐልም?"

"ወገብሽ ምርጫ መሆኑን ያውቃል እንዴ?"

እፎይ! ልጅቷ ከሆዷ ተነፈሰች። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ስትፈራው የከረመችው ነገር ይኸው ነበር። ከክሊኒኩ ስትወጣ ደረጃውን የወረደችው እያንጎራጎረች ነው።

በምርጫው ዕለት አሰልጣኙ ከእያንዳንዱ ተኳሽ ኋላ ወንበር አስቀመጠ፤ እንዳይጎነብስ በእግሩ እየገፋ። ተኩሱ ተጀመረ፤ ጥሩ ትመታለች። እኩሌታው ላይ ያ የምታውቀው ሕመም ወገቧን ቆነጠጣት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ግራና ቀኝ አየች፤ ሁሉም ቆመዋል፣ አንድም የተቀመጠ የለም። ድሮ ቢሆን ጃኬቷን ይበልጥ ታጠብቅ ነበር።

ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ጃኬቷን ፈታችና ቁጭ አለች።

ወዲያው ከጎኗ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች።

"ተመስገን!" አለ ቀጭኔ በሹክሹክታ፤ "አንቺን እኮ ነበር የምጠብቀው።"