ስምንት ተኩል

ባሌ ቆራጭ ነው፣ እኔ ሰፊ። ሱቃችን አንድ ክፍል ናት፤ እሱ ከጠረጴዛው፣ እኔ ከስፌት መኪናዬ ሆነን ስንነታረክ እንውላለን። የምንነታረከውም በተኩል ነው። እሱ ተኩል አይወድም። ሠላሳ ሁለት ተኩል ብዬ ስጽፍለት ሠላሳ ሁለት ይቆርጣል፤ ሲያሻው ደግሞ ሠላሳ ሦስት። «ግማሽ ሴንቲ ሰው አይገድልም» ይለኛል። ሰው ባይገድል ቀሚስ ይገድላል! ሰፈሩ «ሚሊሜትር» የሚለኝም እሱ ባወጣልኝ ስም ነው። ይበሉኝ፤ ከእጄ የወጣ ልብስ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም።

የእህቴ ልጅ ልታገባ ስትል የሙሽራ ቀሚሷን እኔ ካልሰፋሁት ማን ሊሰፋው ነው? እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ለብቻዋ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ኩሩ ሴት ናት። «አንገቴን እንዳታስደፊኝ» እያለቻት ነው ልጅቷ ያደገችው። ዛሬ ነርስ ሆና፣ ራሷን ችላም እናቷን እንደ ዳኛ ትፈራታለች።

ወገቧን ለካሁ፤ ስልሳ ስምንት። ቀሚሱ ስምንት ቁራጭ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ስምንት ተኩል ይደርሰዋል። ለባሌ በትልቁ ጽፌ፣ ተኩሏን እንዳትበላት ብዬ አስጠነቀቅኩት።

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ልትለካው መጣች። ዚፑ ወገቧ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትንፋሽሽን ሳቢ አልኳት፤ ሳበች፤ ዚፑ ወይ ፍንክች። ደሜ ፈላ። ስምንት ተኩሉን ስምንት አድርገህ ስምንት ጊዜ ብትቆርጠው አራት ሴንቲ ጠፋ ማለት አይደለም ወይ፣ የሰው ሠርግ አበላሸህ፣ እጅህ ይቆረጥ ብዬ ባሌ ላይ የስድብ ናዳ አወረድኩበት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ቀሚሱን አውልቃ ስታቀብለኝ፣ እሱ ሜትሩን አቀበለኝ። ለካሁት። ስልሳ ስምንት፤ ቅንጣት አልጎደለም። በትዳር ዘመናችን አንድ ቀን እንዳልኩት ቢቆርጥ፣ በዚያው ቀን ሰደብኩት።

ከመጋረጃው ጀርባ ልቅሶ ሰማሁ። ስገባ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። መንገር አላስፈለጋትም።

«አክስቴ፣ እማዬ ካወቀች ሠርጌ ላይ አትገኝም» አለችኝ።

እጮኛዋ ያውቃል፣ ደስም ብሎታል። እሷ የፈራችው የእናቷን ፊት ብቻ ነው። አንጀቴን በላችው። እንባዋን እየጠረግኩላት ሳለ እህቴ የሱቁን በር ከፍታ ገባች፤ የልጇን የቀላ ዓይን አይታ ምን ሆናችሁ አለች። ባሌ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«ቀሚሱ ጠቧት ነው፣ እታለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ስምንት ተኩሉን አጠጋግቼ ስምንት አደረግኩት።»

ባሌ መቀሱ ከእጁ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እህቴ ቀሚሱን አየች፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ እኔን። ሚሊሜትር አጠጋጋች ነው የምትይኝ አለች። ምን ላድርግ፣ አረጀሁ አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ስፌቱን ፈትቼ ከውስጥ የተውኩትን ትርፍ ለቀቅኩት፤ ሠርጉ እስኪደርስ ሆዷ ይገፋል ብዬም ጨመር አደረግኩበት። ልጅቷ በሠርጓ ቀን እንደ ልቧ ስትተነፍስ ዋለች።

ስሜ ግን ተቀየረ። ሰፈሩ «በግምት» ይለኝ ጀመር። ባሌ ደስታውን አልቻለውም፤ እኔ እያረርኩ ዋጥኩት።

ልጅቷ ከሠርጉ በስድስተኛው ወር ወለደች። ልንጠይቃት ስንሄድ ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። አንዷ ነገረኛ ሕፃኑን አየችና፣ ለመሆኑ ሠርጉ መቼ ነበር ብላ ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ጀመረች። ልጅቷ አቀረቀረች። እህቴ ሕፃኑን እንደታቀፈች ቀና አለች።

«አትድከሚ። ስድስት ወር ነው፤ ሲጠጋጋ ዘጠኝ። እኛ ቤት እንዲህ ነው የሚቆጠረው፤ እህቴ ናት ያስተማረችኝ።»

ነገረኛዋ ጣቷን ሰበሰበች። ለካ እህቴ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ሁሉም ገብቷት ኖሯል። ልጅቷ አንገቷን ቀና አድርጋ እናቷን አየቻት፤ እኔን እንባዬ ቀደመኝ። ባሌ መሐረብ አቀበለኝ።