ማክሰኞ የምትባለው መኪና

መካነ ሰላም ውስጥ ስም ያላቸው መኪኖች ሁለት ነበሩ። የባላምባራስ ቢተው ትልቋ የጭነት መኪና «ዝሆን» ትባላለች፤ ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ባላምባራስ ናቸው። የወርቂቱን ትንሿን መኪና ግን ስም ያወጣላት አገሩ ነው፤ ማክሰኞ አላት። ባለቤት ያወጣው ስምና አገር ያወጣው ስም አንድ እንዳልሆነ ባላምባራስ የገባቸው ዘግይቶ ነው፤ ሲገባቸው ደግሞ ሽመል አስነሡ።

መጀመሪያ ላይማ ማክሰኞ ያላት ሰው የለም። «ጣሳ» ነበር የሚሏት። ወርቂቱ ቅቤና ጨው በበቅሎ እያመላለሰች ያደገች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱንም ጅራፉንም ራሷ የያዘች ሴት ናት። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ዝናቡ እምቢ ሲል፣ ሣሩ ሳያልቅ ብላ ሰባት በቅሎዎቿን ሸጠችና ደሴ ላይ አዲስ ከመጡት፣ ማንም ስማቸውን ሰምቶ ከማያውቀው ርካሽ መኪኖች አንዷን ገዛች። ቆርቆሮዋ ከመሳሳቱ የተነሣ ዶሮ ብትቆምባት ይጎደጉዳል እያለ አገሩ ሳቀ። ሾፌሯ ብዙነህ፣ ከጦር ሠራዊት የተሰናበተ ዝምተኛ ሰው፣ እሱም ልቡ አላመነም ነበር። ለዋጋዋ ሲል ሰዉ አንድ ሰሞን ይጎርፋል፣ ከዚያ በኋላስ ምን ይውጠናል አላት።

«ሰው ለርካሽ አንዴ ይመጣል» አለችው። «ሁለተኛ የሚመጣው ካላሳፈርነው ነው።»

ሕጓ አንድ ብቻ ነበር። ማክሰኞ ማለዳ ፀሐይ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ስትነካ መኪናዋ ወደ አቀስታ ትነሣለች። ሞላች አልሞላች ትነሣለች። ዝሆን እስክትሞላ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ትቆማለች፤ ተሳፋሪው ስንቁን እዚያው ጎኗ ሥር በልቶ ይጨርሳል። ጣሳዋ ግን አንድ ማክሰኞ ሦስት ሰውና አንድ ዶሮ ብቻ ይዛ ሄደች። ያን ለት የሳቀው ሁሉ በሳምንቱ ቀድሞ ተሰልፎ ተገኘ። ጣሳነቷ ቀርቶ ማክሰኞ የተባለችው ይኼኔ ነው። ረቡዕ ስትመለስ እንኳ «ማክሰኞ መጣች» ይባላል፤ አንድ ቄስ ይህን ሰምተው የረቡዕን ጾም ሊገድፉ ነበር ይላሉ፤ የወሬ ነገር እንግዲህ።

ስልሳ ስድስት ሲገባ ቀልዱ አለቀ። ከወግዲም ከከላላም ሰው በእግሩ እየተነሣ ይመጣ ጀመር። አቀስታ ላይ የእርዳታ እህል ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰፈራል፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ሚዛኑ ይነሣል። ስሙ ተጠርቶ ያልተገኘ ሰው ሳምንት ይጠብቃል። በዚያ ዓመት ሳምንት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የቀበረ ያውቃል። ባላምባራስ የዝሆንን ዋጋ እጥፍ አደረጉ፤ ወርቂቱ የሷን አልነካችውም። ፋሲካ ሲያልፍ ዝሆን ባዶዋን ቆማ ዝንብ ታባርር ነበር።

ባላምባራስ ወርቂቱን አስጠርተው አግባቧት። ወይ ዋጋሽን ከኔ ጋር አስተካክይ፣ ወይ ቀንሽን ለውጪ አሏት። ሚኒስትሮች ታሰሩ የሚል ወሬ በሬዲዮ በሚሰማበት ሰሞን ነው፤ ሰውየው መሬቱም ሹመቱም ቢሄድ የምትተርፋቸው መኪናዪቱ ብቻ እንደሆነች ጠርጥረዋል። ወርቂቱ በአክብሮት ሰማቻቸው።

«ባላምባራስ፣ ዋጋውን እንኳ ላስብበት እችል ነበር» አለች። «ቀኑን ግን እንዴት ልለውጠው? ስሟ እኮ ነው።»

«ስምም ይሞታል» አሏት።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዎች ብዙነህን ከቤንዚን በርሜሎቹ ጀርባ ጠበቁት። ሁለቱ ያዙት፤ ሦስተኛው ቀኝ ክንዱን በርሜል ላይ አስተኝቶ በሽመል ወረደበት። አንዴ አይደለም። አጥንቱ እስኪጮህ መታው፤ ከጮኸም በኋላ መታው። ሽመሉን የያዘው አጥናፉ ነበር፣ የወርቂቱ የድሮ በቅሎ ነጂ። ዘጠኝ ዓመት አብሯት ተጉዟል፤ ሰባቱንም በቅሎ በየስማቸው እየጠራ እሱ ሳይጠጣ እነሱን ያጠጣ የነበረ ሰው ነው። በቅሎዎቹ ሲሸጡ እሱም አብሮ የተሸጠ መሰለው፤ ባላምባራስ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው መግዛት ያውቁበታል። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና፣ በቅሎ ብትሆን ኖሮ ሌላ ሦስት እግር ይተርፋት ነበር ብሎ ሄደ።

ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ አስሮ፣ አርባ ቀን እንዳይነካ ሲል አዘዘ። በአገሩ ሌላ ሾፌር ቢኖር የዝሆን ሾፌር ብቻ ነው። ወርቂቱ የባላምባራስን ሐሳብ በደንብ አነበበችው፤ አንድ ማክሰኞ ብቻ እንድትቀር ነው የፈለጉት። አንዴ የቀረች ማክሰኞ ተመልሳ ጣሳ ናት።

ማለዳ አሥራ አራት ሰው ተሰልፎ ጠበቃት። ከሁሉ ፊት ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ፤ ከወግዲ ምርኩዛቸውን ይዘው በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር እህሉን እየጠበቁ ቤት ቀርተዋል። ጋሽ ፈንታሁን የብዙነህን ክንድ አይተው፣ ዛሬ ማክሰኞን የምትነዳት ራሷ ማክሰኞ ናት በሉኛ አሉ።

ብዙነህ እግሮቹ ደህና ናቸው፤ ግራ እጁም መሪ ይይዛል። የጠፋው ማርሹን የሚያስገባው እጅ ነው። ወርቂቱ ከጎኑ ተቀመጠችና የማርሹን ብረት ጨበጠች። አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ ሊያስተምራት ሞከረ፤ ቁጥሩ ተምታታባት፣ መኪናዋም አጓራች። በመጨረሻ ተናደደችና ማርሾቹን በበቅሎዎቿ ስም ጠራቻቸው። ዳገት የማይፈራው አንደኛው ማርሽ ዳለቻ ሆነ። ቀጥሎ ቦራ፣ ከዚያ ዳማ፣ ሜዳ ሲያገኝ የሚበረው አራተኛው ጉራቻ። የኋላ ማርሹን «አህያዋ» አለችው። ከዚያ ወዲያ አንዴም አልሳተች።

ፀሐይ ጉልላቱን ነካች። ማክሰኞ ተነሣች።

መንገዱ ሲጋመስ አንገት የሚባል ቦታ አለ፤ በግራ ገደል፣ በቀኝ አለት፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ። ከአንገት በፊት ምንጭ አለች። አራት ሰዓት ላይ መኪናዋ ስታልፍ ውኃ ቀጂዎቹ ቀና ብለው እጃቸውን ሳያነሡላት አይቀሩም። ያን ለት ምንጩ ዳር ሰው የለም። የተገለበጠ እንስራ ብቻ ቀርቷል።

ወርቂቱ ብዙነህን አስቆመችው። ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ዝሆንን አድብቶ የሚጠብቅ ሽፍታ ሦስት ቀን ጦሙን ያድራል፤ ማክሰኞን የሚጠብቅ ግን ቁርሱን በልቶ ነው የሚመጣው። ቀጠሮ አክባሪን ወዳጁም ጠላቱም እኩል ያምነዋል።

ብዙነህ እንመለስ አለ። ተሳፋሪው አንገቱን ደፋ። የመለሱለት ጋሽ ፈንታሁን ናቸው።

«ልጄ፣ ፊታችን ያለውን አናውቀውም» አሉ። «ኋላችን ያለውን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን።»

ወርቂቱ የድሮ የበቅሎ መንገዷን አስታወሰች፤ ከምንጩ ተነሥታ በአለቱ ጀርባ የምትወጣ ቀጭን መንገድ ናት። በደጉ ዘመን ያሳያት ራሱ አጥናፉ ነበር። ሰዎቹን በዚያ ላከቻቸው፤ ዱላ የሌለው ድንጋይ ያዘ። ሰው የተሳፈረ እንዲመስልም ጋቢዎቻቸውን ከኋላ እንጨቱ ላይ አንጠለጠሉ። እሷና ብዙነህ ሰዎቹ እስኪወጡ ጠበቁ፤ ማክሰኞ ከተነሣች በኋላ መንገድ ላይ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነበር።

«ዳለቻ» አለ ብዙነህ። ወርቂቱ ገፋችው። መኪናዋ እያቃሰተች አንገት ውስጥ ገባች።

የመጀመሪያው አለት የሞተሩን ክዳን ደፈጠጠው። ሁለተኛው የፊት መስታወቱን አፍርሶ የወርቂቱን ግንባር ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከፊት መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ብዙነህ አህያዋን ሲል ሳበችው፤ ወደ ኋላ ሸሸት ከማለታቸው ሌላ አለት አሁን የነበሩበት ቦታ ላይ ወርዶ ተፈረከሰ። እንደገና ዳለቻ፣ እንደገና አህያዋ። ብዙነህ ጮኸ፤ ወርቂቱም አብራ ትጮህ ጀመር፣ ፈርታ ይሁን ተናዳ አታውቀውም። ዳለቻ፣ ነይ ዳለቻ፣ ነይ እናቴ። ዘጠኝ ዓመት በየዳገቱ የተጣራችበት ድምፅ ነው።

ድንጋዩ መውረዱን አቆመ። አጥናፉ ከተደበቀበት ብድግ አለ። አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃውን እንደያዘ፣ የበቅሎዋን ጆሮ የሚፈልግ ይመስል ቁልቁል ያያል። ዳለቻ ከገዛት ሰው ቤት ጥር ላይ በሣር እጦት ሞታለች፤ ቆዳዋን የገፈፈው ራሱ አጥናፉ ነበር።

ጋሽ ፈንታሁን ከጀርባ የደረሱት በዚህ መሐል ነው። ከሁሉ የሸመገሉት እሳቸው ናቸው፤ ከሁሉ ቀድመው የደረሱትም እሳቸው ናቸው። በምርኩዛቸው የአጥናፉን ማጅራት አሉት። ዞረና ደረታቸው ላይ ተኮሰ። በዚያ ቅርበት ጥይት አይስትም። ጋሽ ፈንታሁን መጀመሪያ ተቀመጡ፤ ከዚያ ተኙ።

ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው። ሁለተኛውን እስኪያጎርሰው አሥራ ሦስቱ ደረሱበት። ራብ ያከሳው ክንድ አቅም የለውም የሚል ሰው ያን ለት እዚያ አልነበረም። ከአጥናፉ ጋር ከነበሩት ሦስት ሰዎች አንዱን ገፍተው ገደል ከተቱት፤ ጩኸቱ የተሰማው እስከ ግማሽ ድረስ ነው። ሁለቱ ሸሹ። የአጥናፉን ጉልበት በድንጋይ አደቀቁት፤ ቀጥለው ጣቶቹን፣ ቀጥለው አፉን። ሐረግ የምትባል የከላላ ሴት ትልቁን ድንጋይ በሁለት እጇ ሽቅብ አነሣችና ከራስ ቅሉ በላይ ቆመች።

ወርቂቱ ግንባሯን በነጠላዋ ይዛ ደረሰች። የጋሽ ፈንታሁንን ዓይን ከደነች። ቀጥላ አጥናፉን አየችው። ይሙት ብላ ብትተወው ማንም አይወቅሳትም ነበር፤ የሷም እጅ ድንጋይ ድንጋይ ብሎታል። ቀና ስትል ግን ፀሐይን አየች።

«ሐረግ፣ አንቺ እሱን ገድለሽ እስክትጨርሺ ሚዛኑ ይነሣል» አለች። «ድንጋይ ማንሣት ካማረሽ መንገዱ ላይ ሞልቶልሻል።»

ሐረግ ቆማ አሰበች። ከዚያ ድንጋዩን ለቀቀችው፤ ከአጥናፉ ጆሮ አጠገብ መሬቱን ቆፈረው። ወደ መንገዱ ወረደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

መንገዱን ጠርገው ሟቹንና ገዳዩን ጎን ለጎን ከኋላ ጫኑ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም። አጥናፉ በተሰበረ አፉ የጠየቃት አንድ ነገር ነው።

«ዳለቻን ለምን ጠራሻት?»

«ዳገት የሚወጣ ሌላ ስም አላውቅም» አለችው።

አቀስታ ሲደርሱ ለአሥር ሰዓት ጥቂት ነው የቀረው። ሰዉ የተደፈጠጠውን ቆርቆሮም የወርቂቱን ደምም መጀመሪያ አላየም፤ ማክሰኞ ደረሰች ብሎ ለሚዛኑ መንገድ ለቀቀ። አሥራ ሦስቱ ስማቸው እየተጠራ ተሰፈረላቸው። የጋሽ ፈንታሁን ስም ሦስት ጊዜ ተጠራ። ጸሐፊው የሟች እህል በሚቀጥለው ማክሰኞ ለቤተሰቡ እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጥም አለ፤ ወርቂቱ ብትለምነውም አልሰማት። አጥናፉን ለፖሊስ አስረከቡ።

ረቡዕ ሬሳውን መልሳ ወግዲ አደረሰች። ቀብሩ ላይ እትዬ አልጣሽ አንድ ቃል አልተናገሯትም። ባላምባራስ ምንም አላውቅም ብለው ማሉ፤ ለነገሩ ዝሆንም እስክትሞላ እንደቆመች ነበር። ወርቂቱን ግን ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሐሳብ በላት። አንድ ሰዓት ቀድማ ወይም አንድ ሰዓት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ አጥናፉ ሲጠብቅ ይሰለች ነበር፣ ሽማግሌውም በሕይወት ይኖሩ ነበር። የመኪናዋን ስም ልታተርፍ ሰው አስበላች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ ጠበቃት። ወርቂቱ ከብዙነህ ጎን ተቀመጠች፤ እጇን ማርሹ ላይ አደረገችና ተወችው። ዛሬ ትንሽ እንዘግይ አለች፤ ሰዓታችንን የሚያውቀው ይበዛል። ፀሐይ ጉልላቱን ነክታ ወደ ጣራው መውረድ ጀመረች። ሰዉ ተያየ።

ከሰልፉ መጨረሻ እትዬ አልጣሽ ወጡ። ጥቁር ለብሰዋል፤ በእጃቸው ባዶ ጆንያ ይዘዋል። ሊረግሟት ነው ብሎ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። ወደ መኪናዋ መጡ፣ ባላቸው ባለፈው ማክሰኞ የተቀመጡበትን፣ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ቦታ ጠይቀው ወጡ፣ ጆንያውን ጉልበታቸው ላይ አጠፉት።

«ፀሐይዋ እኮ ነክታለች» አሉ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ወርቂቱ ብዙነህን አየችው።

«ዳለቻ» አለ።