ዋንጫ አቀባዩ

ሞክሴድ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሳይረን እጀታ ሲዘውር አለቃው እኔ ነበርኩ። የመግና ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት ደሴታችን ላይ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር፣ ቤት ለቤት ዞሮ ሰዉን ወደ መጠለያ የሚያስወጣው እሱ ነው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ አዛለሁ።

በየዓመቱ ለበጎ ፈቃደኞች የምስጋና በዓል እናደርጋለን። ሞክሴድ ብርቱካናማ ሰደርያውን ተኩሶ ይመጣና ወንበር ይደረድራል። እኔ ስም እጠራና ዋንጫውን ሰጥቼው ተሸላሚው የተቀመጠበትን በአገጬ እጠቁመዋለሁ፤ ወስዶ ያደርሳል። ዋንጫው ለወረዳው ሹም ነው፣ ለሲሚንቶ ነጋዴው ነው፣ ጭቃችንን ረግጦ ለማያውቅ ሁሉ ነው። ሞክሴድማ የራሳችን ሰው ነው፣ አይቀየምም እል ነበር። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እኔ ነኝ።

አምና ሚስቱ ጆሪና አንድ ሳህን የሩዝ ቂጣ ይዛ ቢሮዬ መጣች።

“አንድ ጊዜ ስሙን ከአፍዎ ቢሰማ ይበቃዋል፣ አለቃ” አለችኝ። “ጆሮውም እየደከመ ነው። ያ ሳይረን ጨረሰው።”

እኔ ቂጣዋን እየበላሁ፣ “ለዋንጫ ጆሮ ምን ያደርግለታል? እጁ ደህና ከሆነ ይበቃል” ብዬ ቀለድኩባት። ከዚያ ለከርሞ ይሆናል ብዬ ሸኘኋት። ሳህኗን እንኳ ሳትወስድ ሄደች።

ዘንድሮ ቃሌን ጠበቅኩ። ስሙን ዋንጫ ላይ አስቀረጽኩ፤ ድንገት ላስደስተው ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። በበዓሉ ቀን ማይክራፎኑን ይዤ “ሞክሴድ ሃውላዳር” ብዬ ጠራሁ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሞክሴድም እንደ ወትሮው መድረኩ ሥር ቆሞ ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ ያጨበጭባል። ማን እንደሚነሳ ለማየት ፈገግ ብሎ ወንበሮቹን ይቃኛል። ደግሜ ጠራሁት። እሱም ደግሞ አጨበጨበ። ከሴቶቹ መሀል ጆሪና በሳሪዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች።

ያኔ ነው ቀልዴ ትዝ ያለኝ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ከመድረኩ ወርጄ ዋንጫውን እጁ ላይ አኖርኩለት። ማንበብ አያውቅም፤ ስሙ ላይ ጣቶቹን አሳርፎ በጥንቃቄ ታቀፈው። ከዚያ ቀና ብሎ አገጬን ይመለከት ጀመር።

“ለማን ላድርስ፣ አለቃ?” አለኝ።