ቀድሞ የተነሳው ሽማግሌ

ከድጄ ቆጮ ላይ አይብ አድርጋ ሰጠችው፤ ሙሀመድሰይድ መለሰላት። ከቤት በሚወጣበት ቀን እህል አይቀምስም። አዲስ አበባ ላይ ትልቁ አንጀቱ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ሐኪሞቹ ከቀጭኑ አንጀቱ ጫፍ ከረጢት ሠርተው ወደ መቀመጫው ካገናኙለት ጀምሮ ልማዱ ይኸው ነው። ደም የሚያስቀምጠው በሽታ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ፊት ያመልጠኛል የሚለው ፍርሃቱ ግን አልቀረም።

«ብላ እንጂ» አለችው ሚስቱ። «ስንት ሌሊት ሳትነሳ ታነጋለህ? አጠገብህ የምተኛው እኔ አይደለሁ? ገላህ ድኗል፤ የቀረህ ልብህ ነው።»

በላ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ነው፤ ወደ እንሴኖ መንደር የተጠራው ለእርቅ ነበር። ሽፋና ሙስተፋ፣ የአንድ እናት ልጆች፣ በእንሰት ድንበር ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። በዚያ መንደር ደግሞ ሽማግሌ አንዴ ከተቀመጠ ነገሩ ሳይቋጭ አይነሳም፤ ከተነሳ እርቁ ፈረሰ። ሙሀመድሰይድ የልብስ ስፌት ሥራውን እያመካኘ ስንቱን ሽምግልና ሸሽቷል! ዛሬ ግን ሁለቱም «ያለ እሱ አንቀመጥም» ስላሉ መውጫ አጣ።

ክርክሩ ከረፋድ ጀምሮ ተንዛዛ። ወንድማማቾቹ ለሽማግሌ ይናገራሉ እንጂ እርስ በርስ አይተያዩም። እሱ ጆሮውን ለእነሱ፣ ልቡን ለሆዱ ሰጥቶ ቆየ። ከረጢቱ ሞላ ሲል ተሰማው። ያዝ አደረገው፤ ስሜቱ መጣና አለፈ። ታዘዘለት! ደስታው ሊያስጮኸው ምንም አልቀረው፤ ፊቱን ግን እንደ ሽማግሌ ኮስተር አደረገ።

ይሄኔ ነው አጠገቡ የተቀመጡትን ጡረተኛውን መምህር ባዩን ያየው። ግንባራቸው በላብ ረጥቧል፤ ጉልበታቸውን ገጥመው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ያንን ፊት ሙሀመድሰይድ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ያገሩን ልጅ ሁሉ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው እዚህ ቢዋረዱ ዳግመኛ ቀና አይሉም።

ብድግ አለ።

ሸንጎው አጉረመረመ። «ምን ሆንክ? ልታፈርሰው ነው?» አለ ሽፋ።

«አንጀቴ ተቆርጦ እንደወጣ አገር ያውቃል» አለ ሙሀመድሰይድ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በአላህ ይሁንባችሁ፣ ጠብቁኝ። መምህር፣ እባክዎ ይደግፉኝ።»

መምህሩ ሁለተኛ አላስለመኑም። ከእንሰቱ ጀርባ ካለው ሽንት ቤት እስኪደርሱ ደጋፊው ተደጋፊውን ይጎትተው ነበር።

«አንተስ?» አሉ በመጨረሻ ከውስጥ፣ ድምፃቸው ረግቶ።

«እኔማ ምንም የለብኝ፣ መምህር። እስከ መግሪብ ብቀመጥ ግድ የለኝም!»

ቃሉን ራሱ ሲሰማው ሳቁ አመለጠው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዓመታት የሸሸው ሸንጎ ላይ ተመልሶ ሊቀመጥ ቸኮለ።

ከእንሰቱ መሀል ኮቴ ተሰማ። ሽፋና ሙስተፋ ለታመመው ሽማግሌ መታጠቢያ ብለው፣ ውሃ የሞላ ባልዲ ግራና ቀኝ ይዘው እየመጡ ነበር።

«ቀስ በል» አለ ሙስተፋ ወንድሙን፣ «እግርህ ላይ ይደፋብሃል።»