ስምንቱ ስዊቾች

ሺፋ በልደታ ጌጃ ሰፈር አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም ሲጠግን «አላውቅም» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ጉዱም የመጣው ከዚችው ነው።

እትዬ ዙሃራ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ ሴና የምትባል ልጅ ቀጥረው የተማሪ ሹራብ ያሠራሉ። የሹራብ ማሽኑን የሚያዝዘው ኮምፒዩተር ከሺፋ ትዳር በዕድሜ የሚበልጥ አሮጌ ነው። አቧራ ሲበዛበት «እስቲ ጠራርግልኝ» አሉት። ሺፋ ሆዬ እንደ ልማዱ ተጨማሪ ሜሞሪ ያለበትን ቦርድ ነቀለና በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገው። ቦርዱ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ስምንት ስዊቾች ነበሩ። በመካከላቸው ያለው ቆሻሻ እንዲወጣለት ሁሉንም ወዲያ ወዲህ አደረጋቸው። መጀመሪያ እንዴት እንደነበሩ ግን አልጻፈም። ምን ሊጽፍ፣ ሺፋ እኮ ነው።

እነዚያ ስዊቾች ለሜሞሪው አድራሻ የሚሰጡ ናቸው። ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ሲይዝ እንግዳ ግራ እንደሚገባው፣ አድራሻው ሲምታታበት ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ። ሺፋ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ እያደረገ እስከ አሥር ሰዓት ታገለ። ቦርዱን ድሮ የገጠሙት የሙያ አባቱ ጋሽ አብዱልሃኪም ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ነው ያሉት፤ አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። ግን በዚህ ዕድሜው «አበላሸሁ» ብሎ ሊደውል? አፈረ።

«እትዬ፣ ይሄ ዕቃ ዕድሜው አልቋል» አላቸው ዓይናቸውን ሳያይ።

«አንተ ካልክ አልቋል ማለት ነው» አሉ እትዬ ዙሃራ። ሺፋ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ሦስት ቀን በጠመንጃ ያዥ በኩል ማለፍ ተወ። በአራተኛው ቀን ጋሽ አብዱልሃኪም ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ዘረገፈላቸው። አልተቆጡትም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«ትናንት ዙሃራ ማሽኑ ሞተ ስትለኝ እኔ ልየው ብላት፣ ሺፋ አይቶታል፣ ሺፋ አይዋሽም አለችኝ» አሉት። «የስዊቾቹን አቀማመጥ እኮ የኮምፒዩተሩ ክዳን ውስጥ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። ገልብጠህ አላየህም?»

አላየም። ታክሲ ይዞ ጠመንጃ ያዥ ደረሰና ክዳኑን ገለበጠ። የደበዘዘች ወረቀት፣ ስምንት ጭረት፣ ከፊሉ ወደ ላይ ከፊሉ ወደ ታች። ስዊቾቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ እንደ ጭረቶቹ አደረጋቸው፤ ኮምፒዩተሩ ጢጥ ብሎ ተነሳ።

«አላህ እጅህን ይባርከው፣ የሞተ ታስነሳለህ» እያሉ እትዬ ዙሃራ በምርቃት አጥለቀለቁት። ዝም ቢል ኖሮ ተመርቆ፣ ተመስግኖ መውጣቱ ነበር።

«አልሞተም ነበር፣ እትዬ። ስዊቾቹን ያዛባሁት እኔ ነኝ። ሰው መጠየቅ አፍሬ ዋሸሁዎት።»

ምርቃቱ ቆመ። እትዬ ዙሃራ ማሽኑ ፊት ያለውን ባዶ ወንበር አዩት።

«ሴናን ዛሬ ጠዋት አሰናበትኳት» አሉ በቀስታ። «ማሽኑ ከሞተ ምን ላሠራት ብዬ። ሻንጣዋን ይዛ ወደ አገሯ ወሊሶ ስትሄድ፣ ምን አጥፍቼ ነው እያለች እስከ በር ድረስ አለቀሰች።»

ስልካቸውን አወጡና ቁጥሯን ፈልገው ዘረጉለት።

«እንካ፣ ደውልላት። ምን እንዳጠፋች አንተ ንገራት።»