የደረቀ ጎሚኒ ሲለሰልስ

የቀበሌያችን ሰብሳቢ ጓድ ሣህሌ ሐሙስ ዕለት መጥቶ፣ «ጓዲት ውድነሽ፣ ባለሙያ የሌለው መሣሪያ የቁም እስረኛ ነው። ሰኞ ለዕደ ጥበብ ማኅበሩ እንወስደዋለን» አለኝ። ባለቤቴ ከበበው ከሞተ ዓመቱ ነው፤ ከእሱ የቀረኝም ይኸው ጓሮ ውስጥ ያለው የጥገና ወርክሾፕ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት ፋኖስ ይዤ፣ ቁልፍ እያቀበልኩ የኖርኩት እኔ ማን ነኝ? ግን ለቀበሌ በአፍ አይመለስም።

ንዴቴን ወርክሾፑ ላይ ተወጣሁት። ከበበው እጁ ወርቅ ነበር፤ ዕቃ አያያዙ ግን የአይጥ ጎጆ ነበር። ቁልፎቹን ከስምንት እስከ ሠላሳ ሁለት በቁጥራቸው ምስማር ላይ ሰቀልኩ፤ ካቻቢቴውን ከካቻቢቴ፣ ፒንሳውን ከፒንሳ አስጠጋሁ። ከእሱ የተረፈውን የቁርጥማት ቅባት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ፣ የደረቁ ጎሚኒዎች፣ ያረጁ የጎማ ቀለበቶች፣ የሞሉበትን ጣሳ ከሥሩ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጋሽ ጉደታ የተፈታ ፓምፕ ተሸክመው ከዲክሲስ ገጠር መጡ። የገበሬ ማኅበራቸው ወፍጮ ቆሟል። የሞተሩ የውሃ ፓምፕ ያፈሳል፣ ጎሚኒው ደርቆ ቀንድ ሆኗል፣ አዲስ አበባ ድረስ ተፈልጎም ታጥቷል።

«ከበበው ካስቀመጣቸው በልኩ የሚሆን ካለ ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ጣሳውን ሳነሳ እጄ ረጠበ። የቅባቱ ጠርሙስ ተጋድሞ፣ ክዳኑ ላልቶ ሲንጠባጠብበት አድሯል። ራሴን ልረግም ስል አንዱን ጎሚኒ ጨበጥኩት፤ ተለጠጠ። ትናንት ድንጋይ ነበር። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ተለጠጠ።  ሽታው ማታ ማታ አሸው የነበረው የከበበው ጀርባ ሽታ ነው። ሳቄና እንባዬ አብረው መጡ። ጋሽ ጉደታ አበደች ሳይሉ አልቀሩም።

ለፓምፑ የሚሆን ግን ከጣሳው ጠፋ። ስለዚህ የራሳቸውን ጎሚኒ በቀረው ቅባት ነከርኩትና «ፓምፑን ይተዉልኝ፤ እሑድ ይምጡ» አልኳቸው። እስከ እሑድ ስንት ጊዜ ሄጄ እንደነካሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

እሑድ አውጥቼ ጠርጌ ብጫነው እሺ አለኝ። ፓምፑን ሞርሳ ላይ አሰርኩ። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ስፈልግ እጄ ራሱ ግድግዳው ላይ አገኘው። ብሎኖቹን አጥብቄ ውሃ ሞላሁበት። ጋሽ ጉደታ ጎንበስ ብለው፣ እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ ጠብታ ጠበቅን። ፓምፑ ደረቅ እንዳለ ቀረ።

«ገለቶሚ» ብለው አመሰገኑኝና ፓምፑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ሣህሌ ጋሪና መዝገብ ይዞ ሲደርስ፣ ጋሽ ጉደታ ደጄ ላይ ቆመዋል። ወፍጮው ሲፈጭ አምሽቷል። የሚያፈስ ፓምፕ የተሸከሙ ሁለት ከሲሬ የመጡ ሰዎችም አስከትለዋል።

«ወዴት ናችሁ?» አላቸው ሣህሌ።

«ባለሙያዋ ዘንድ» አሉት።

ሣህሌ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መዝገቡን ገልጦ፣ «እንግዲህ መሣሪያው በባለሙያ ስም ይቆይ» አለና «የሟች ከበበው ባለቤት» ብሎ መጻፍ ጀመረ። እጁን ያዝኩት።

«እሱን ሰርዘው። ውድነሽ ገብረ መድህን፣ መካኒክ ብለህ ጻፍ።»

ሰረዘው።