በዕጣ ነው የተባለው ስድብ

ፕሮግራመሯ ላይብረሪዋን የጻፈችው ታናሽ እህቷ እግሯን ተሰብራ አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን ነው። በጃቫስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈች፣ ማንም ወስዶ የራሱ ፕሮግራም ውስጥ የሚያስገባት ሚጢጢ ኮድ ናት፤ አንድ የባሕርይ፣ አንድ የዕቃ ዝርዝር ከሰጧት እንዳሻት አደባልቃ ታወጣለች። «ኩርፊያ የያዘው ማንኪያ»፣ «ጡረታ የወጣ ትራስ»፣ «አማቱን የሚፈራ መጥረጊያ»። እህትየው ሆዷን ይዛ ስትስቅ «ኧረ ተይኝ፣ እግሬን አመመኝ» ትል ነበር። የፈለገ ሁሉ ወስዶ ይሳቅባት ብላ በነጻ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀቻት።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ መሥሪያ ቤቷ መመገቢያ ክፍል ስትገባ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ስክሪን አንጋጦ ይስቃል። ሁልጊዜ ስለሚያገጥጥ ከጀርባው «ጥርሴ» የሚሉት የክፍላቸው ኃላፊ ላይብረሪዋን ወስዶ የሠራተኛውን ስም ከቅጽል ጋር እያደባለቀ ያሳያል። ሾፌሩ «ዳይት የጀመረ ጎማ» ሆኗል። ጸሐፊዋ «የተቀየመች ስቴፕለር»። ፕሮግራመሯም ፈገግ አለች። ከዚያ ከሒሳብ ሠራተኛው ስም ጎን ያለውን አነበበች፦ «የሚንተባተብ ሬዲዮ»።

የሒሳብ ሠራተኛው ሲናገር ቃል ይይዘዋል። ሹካውን አስቀምጦ ሳህኑ ላይ አፍጥጧል።

«ይሄን ማን ጻፈው?» አለች።

«ማንም። ዕጣ ነው» አለ ጥርሴ። «ማሽኑ ነው የጣለበት። ደግሞስ ያንቺው ሥራ አይደል?»

ደሟ ፈላ። ወደ ኮምፒውተሩ ሄዳ ገጹን አደሰችው። ሾፌሩ «ከፍታ የሚፈራ ፓራሹት» ሆነ፣ ጸሐፊዋ «ምሥጢር የማይችል መሳቢያ»። የሒሳብ ሠራተኛው «የሚንተባተብ ማይክ»። ደግማ አደሰችው። «የሚንተባተብ ደወል»። የሌላው ሁሉ ሲለዋወጥ የሱ «የሚንተባተብ» ንቅንቅ አላለም።

«ዕጣ አንድ ሰው ላይ ብቻ ሙጭጭ ይላል?» አለች ወደ ጥርሴ ዞራ። «ኮዱን ነካክተህ ይቺን ቃል ለሱ ለይተህ ቸንክረሃታል። መሳደብ ካማረህ በራስህ አፍ ተሳደብ፤ በኔ ሥራ አትከለል።»

«ምነው፣ ቀልድ አታውቂም እንዴ?»

«ቀልዱንማ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የሒሳብ ሠራተኛው ተነስቶ ወጣ። ተከትላው ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«አይዞህ፣ አልተውለትም።»

ዞረ። ከሷ የባሰ ተቆጥቷል። «አ... አንቺ ደግሞ» አለ፤ የሚቀጥለው ቃል እስኪመጣለት ጠበቀችው። «ሰው ፊት ደጋግመሽ አስነበብሽው። እኔን ጠይቀሽኛል?»

 ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«አልጠየቅሁህም» አለች። «አሁን ልጠይቅህ። ምን ይሁን?»

«ለሥራ አስኪያጇ እኔው እነግራታለሁ። አንቺ ስለ ኮዱ ብቻ መስክሪ። ሌ... ሌላውን ለኔ ተይው።»

እንዳለው ሆነ። ፕሮግራመሯ ሥራ አስኪያጇ ፊት የተነካካውን ኮድ ከፍታ ስታሳይ ጥርሴ መካጃ አጣ። በማግስቱ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቆሞ፣ «ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ» ብሎ ሊቀመጥ ሲል የሒሳብ ሠራተኛው እጁን አነሳ።

«‹ካለ› የለም» አለ። ቃል ያዘው። ጸሐፊዋ ልታግዘው አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት። ሁሉም ጠበቀው። «የሰ... የሰደብከው እኔን ነው። ስሜን ጠርተህ ይቅርታ በለኝ።»

ጥርሴ የሚስቅለት ሰው ፍለጋ ዙሪያውን ቃኘ። አላገኘም። ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ።

«ሰምቻለሁ» አለ የሒሳብ ሠራተኛው። ይቅር ብያለሁ ግን አላለም።

ፕሮግራመሯ ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ታዲያ ይቅርታ ከጠየቀ ምን ያስኮሳትርሻል?» አለች እህቷ ነገሩን ሰምታ። «ወይስ ላይብረሪዋን ልታጠፊያት ነው?»

«የሚያናድደኝ በኔ ሥራ ተከልሎ መስደቡ ነው። ላይብረሪዋን ግን ለምን ብዬ አጠፋለሁ? ባለጌው እሱ፣ ተቀጪዋ እሷ?»